ስልሳ አምስት ኪሎ

«ነጋዴ ሲመዝን እጁን አትይ፤ እጅ ለማስመሰል ነው። እግሩን እይ።»

እናቴ ይህን ስትነግረኝ ስድስት ዓመቴ ነበር። እኩዮቼ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ የነጋዴ ጫማ እቆጥር ነበር ማለት ነው።

እናቴ ሙሉጌጥ ከአዋሳ መናኸሪያ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ እህል ትሸጥ ነበር። አባታችን መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ስለሞተ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ግዛቸውን ያሳደገችን በዚያች ሱቅና በአንድ የብረት ሚዛን ነው። ሚዛኑ መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ጆንያ የሚያርፍበት ሰፊ ዝርግ ብረት ያለው፣ ኪሎው ከፊቱ በቆመ ዘንግ ላይ የሚነበብ ነበር። የዝርጉን ብረት ጠርዝ በእግር አውራ ጣት ጫን ካሉት ሦስት አራት ኪሎ ይጨምራል። ከሥር በጫማ ጫፍ ቀና ካደረጉት ይቀንሳል። ሌባ ነጋዴ ሲሸጥ ይረግጣል፣ ሲገዛ ያነሳል። እናቴ ሁለቱንም አታደርግም ነበር፤ ስለዚህ ከገጠር በቆሎ ጭነው የሚመጡ ሰዎች ሌላውን ሁሉ አልፈው እሷ ዘንድ ይመጡ ነበር።

እኔ ደግሞ የገበያው ፖሊስ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ሦስት ነጋዴ አስይዣለሁ። አንዱማ እግሩን ሲያነሳ አይቼ በአደባባይ ጮኼበት፣ ሰው ሰብስቤበት፣ በመጨረሻ በቆሎውን ትቶ ሄደ። «ያቺ የሙሉጌጥ ልጅ መጣች» ሲባል እየሰማሁ ደረቴን ነፍቼ አልፍ ነበር። ያኔ አንድ የተባረከ ሰው በጥፊ ቢያጮለኝ ኖሮ ዛሬ እጁን በሳምኩ።

በ1980 ዓ.ም. ግዛቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ጁዶ እንደ ወባ ይዞት ነበር። አሰልጣኙ ጋሽ ማቴዎስ ይባላል። ፖሊስ በነበረ ጊዜ ውጭ አገር ተልኮ ጁዶ የተማረ፣ በኋላ «ጴንጤ ነህ» ተብሎ ከሥራው የተባረረ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ስለተዘጋ እሑድ እሑድ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ልጆች ያሰለጥን ነበር። የሚወድቁበት ምንጣፍ ሰጋቱራ የተሞላ ጆንያ ነው። ልብሳቸውን እናቴ ከእርዳታ ዱቄት ከረጢት እየደረበች ሰፍታላቸዋለች፤ የግዛቸው ጀርባ ላይ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ማኅተም ነበረበት። ወንድሜ ሰው አንስቶ ጆንያው ላይ ሲጥል የሚነሳው አቧራ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር፤ ቢሆንም ከዚያ አዳራሽ ውጪ ብባል አልወጣም።

ሚያዝያ ላይ ማይክራፎን የጫነች መኪና በየሰፈሩ መዞር ጀመረች።

«የስፖርት ዜና! በመጪው እሑድ ታላቅ የጁዶ፣ የቦክስና የነፃ ትግል ውድድር ይካሄዳል! አሸናፊዎች ክፍለ ሀገራችንን ወክለው አዲስ አበባ ይሄዳሉ! ተወዳዳሪዎች ሙሉ ቱታ ያገኛሉ! ለውድድሩ የተመዘገበ ወጣት ለዘንድሮው ብሔራዊ ውትድርና አይጠራም! የኪሎና የጤና ምርመራ ቅዳሜ! በተመዘገበበት ኪሎ ያልተገኘ ይሰረዛል!»

ልጆቹን ከየተሸሸጉበት ያወጣቸው «አይጠራም» የምትለዋ ቃል ናት። በዚያ ሰሞን ወጣት የሚባል ከተማው ውስጥ አይታይም ነበር። የአንዱ አልጋ ሥር፣ የአንዱ ኮርኒስ ውስጥ፣ የአንዱ ገጠር ነበር የሚያድረው። ግዛቸው ራሱ ይርጋለም አክስታችን ዘንድ አምስት ሳምንት ከርሟል። ዜናውን ሲሰማ በማግስቱ መጣና ለስልሳ አምስት ኪሎ ተመዘገበ። ዛሬም «ታላቅ ውድድር» እያለች የምታልፍ መኪና ስሰማ ድንጋይ አንሺ አንሺ ይለኛል።

ጎረቤታችን እትዬ አባይነሽ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጽዳት ነበሩ። ሰኞ ዕለት ሱቅ መጥተው ጆንያ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከእናቴ ጋር ማውራት ጀመሩ። እኔ ሽምብራ እየለቀምኩ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ሐኪሙ ከነሱ ነው የሚመጣው አሉ። ጥርስ ሳይቀር ያያል።»

«በስመ አብ!»

«እኔ አላልኩም እንግዲህ። አፌን አትንኪው።»

ማታ ራት ላይ ለግዛቸው «ጥርስህንም ያዩሃል» አልኩት።

«ለጁዶ ጥርስ ምን ያደርጋል?» አለችው እናቴ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ለመንከስ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም።

«ይቅርብህ ልጄ።»

«ከተመዘገብኩ በኋላ ብቀር እኮ እቤት ድረስ ነው የሚመጡት። ደግሞ ተወዳዳሪ አይጠራም ተብሏል። አዋጅ ነው እማ፣ በዓይንሽ ያላየሽውን የአባይነሽን ወሬ ነው የምታምኚው?»

«ዝም በል፣ ልጅቷ አለች» አለች እናቴ፣ እኔን እያሳየችው። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት በዓይን ነው። እኔ የተረዳሁት እናቴ የወንድሜን ጎበዝነት እንደማታውቅ ነው። አንደኛ እንደሚወጣ አላውቅም የምትል እናት ምን ዓይነት እናት ናት ብዬ አኮረፍኳት።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። ከውስጥ የእናቴ ድምፅ ይሰማል። «ቀስ ብለህ። በአውራ ጣትህ ብቻ። ፊትህ ምንም አይምሰል።» በሩን ስደበድብ ጋሽ ማቴዎስ ወጣ። አጎንብሶ የሸራ ጫማውን ክር ያስር ነበር። እናቴ ከኋላው ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ነጠላዋ ተንሸራቷል።

«ጽጌሬዳ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ።

በቀን በር ዘግቶ፣ ጫማ አውልቆ፣ እናቴን ያስለቀሰ ሰው! እንጀራ አባት ሊሆንብኝ እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ወሰንኩ፤ በዚያችው ደቂቃ ጠላሁት። ሰውዬው ያን ዕለት ምን ሲማር እንደነበር ያወቅኩት ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛ ላይ የተወዳዳሪዎቹን ስም ዝርዝር አይቷል፤ ከላዩ «የዘማቾች መረካከቢያ» ይላል። ለልጆቹ ቢናገር ወሬው ሳይመሽ ሊቀመንበሩ ጆሮ ይገባል፤ እሱም ይረሸናል፣ ልጆቹም ከየቤታቸው ይለቀማሉ። መውጫው አንድ ነው። ልጁ ራሱ ሳያውቅ በሚዛን ይውደቅ፣ ስሙ በማኅተም ይሰረዝ። ቀበሌው ሚዛን ስላልነበረው የእኛን ሊወስድ ነው። እናቴ ዕድሜ ልኳን ስትዋጋው የኖረችውን ሌብነት በገዛ ሚዛኗ ላይ ቁጭ ብላ አስተማረችው።

ዓርብ ማታ «ነገ ቤት ትቀሪያለሽ» አለችኝ።

«ሚዛናችንስ? ማን ይጠብቀዋል?»

«ትቀሪያለሽ አልኩሽ!»

እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። በዚያች ቅጽበት ይህ ሁሉ የጋሽ ማቴዎስ ጣጣ እንደሆነ አመንኩ። ቅዳሜ ጠዋት በር ቆልፋብኝ ስትሄድ በጓሮ አጥር ሾለኩና ሚዛኑን የጫነውን ጋሪ ሮጬ ደረስኩበት። ባለ ጋሪው «የሙሉጌጥ ልጅ፣ ውጪ» ብሎ ሚዛኑ ጎን አስቀመጠኝ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እንዲያ ዝም ያለ የእናቶች ስብስብ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ጨዋታውን እንደማይወዱት ገመትኩ። ሐኪሙ ነጭ ጋዋን ለብሶ ከሥሩ ከስክስ ጫማ ተጫምቷል። ከአዳራሹ ጀርባ ሁለት ኦራል መኪና ቆሟል። ወንበር አምጥተው ይሆናል አልኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ በኃይሉ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ ጋሽ ማቴዎስ ሚዛኑ ጎን ቆሞ ኪሎ እያነበበ ይጮኻል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። አሰልጣኙ የሸራ ጫማውን አድርጓል። እኔ ወንበሮቹ መሐል ተሸጉጬ ዓይኔን ከጫማው አልነቀልኩም። እንደዚያ ነው ያደግኩት።

ጠሀ የሚባል የመናኸሪያ ልጅ ወጣ። ለስልሳ ኪሎ ነው የተመዘገበው።

«ስልሳ ሦስት!» አለ ጋሽ ማቴዎስ።

«ይሰረዝ» አለ ጓድ በኃይሉ። ጠሀ እየተሳደበ፣ ጆንያውን በእርግጫ እየመታ ወጣ። ኪሎው ሲነበብ የጋሽ ማቴዎስ ጫማ ጫፍ ብረቱን ሲነካ ያየሁ መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ቀጥሎ ግዛቸው ወጣ። ያን ሳምንት ኪሎ ለመቀነስ በላስቲክ ካፖርት ታቦር ተራራን ሲወጣና ሲወርድ ነበር የሰነበተው፤ ጉንጩ ገብቷል። ብረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ አየሁት። የጋሽ ማቴዎስ ሸራ ጫማ አፍንጫ ቀስ ብሎ ጠርዙ ላይ ወጣ፣ ተጫነ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

«ስልሳ ስምንት ተኩል!»

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ትናንት በዚሁ ሚዛን ስልሳ አራት ነበርኩ!» አለ ግዛቸው። ድምፁ ተሰበረ። ሲያለቅስ አይቼው የማላውቀው ወንድሜ መቶ ሰው ፊት እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ይሰረዝ» አለ ጓድ በኃይሉ፣ እስክሪብቶውን እያነሳ።

ከወንበሮቹ መሐል ዘልዬ ወጣሁ። አንቱታውን እንኳ ትቼ «ረግጦታል!» ብዬ ጮኽኩ። «ጋሽ ማቴዎስ ሚዛኑን ረግጦታል! በዓይኔ አይቻለሁ!»

ጓድ በኃይሉ መነጽሩን አወለቀ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ሲሸጡ ነው የሚረግጡት። ኪሎ ይጨምራል። ይኸው!» ሮጬ ሄጄ በባዶ እግሬ ጠርዙን ጫን አደረግኩት። ዘንጉ ላይ ያለው ምልክት ዘለለ። ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ሒሳብ የሠራሁ ያህል ኮራሁ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ሚዛኑም የኛ ነው!»

ሁሉም ዞሮ እናቴን አየ። ግድግዳው ጋ ቆማለች። ጋሽ ማቴዎስ ወለሉን ያያል። ግዛቸው እኔን ያያል፣ ፊቱ ላይ ብርሃን መምጣት ጀምሯል። እናቴ እጇን ወደ አፏ ወሰደችና እልል አለች። ረጅም፣ አዳራሹን የሚሰነጥቅ እልልታ። እትዬ አባይነሽ ተቀበሏት፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናወጠው። እናቴ ለእኔ እልል ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። እንደዚያች ደቂቃ ተደስቼ አላውቅም።

ሌላ ሰው መዘነው። ስልሳ አራት ከሩብ። ግዛቸው ከሚዛኑ ወርዶ ትከሻው ላይ አወጣኝና አዳራሹን ዞረ። «እህቴ! ያለ አንቺ ማን አለኝ!» ይል ነበር። ጓድ በኃይሉ ጉንጬን ቆንጥጦ «ንቁ የአብዮት ልጅ!» አለኝ። ጋሽ ማቴዎስን ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በጓሮ በር ሲያወጡት ዞሮ አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣም። ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፣ ሌባ ሆኖ መቆጣት እንኳ ያልቻለ ሰው ብዬ።

እሑድ ውድድር አልነበረም። ቅዳሜውኑ ከሰዓት «ለልምምድ» ተብለው በሁለቱ ኦራል ተጫኑ። ሠላሳ አራት ልጆች ነበሩ። ግዛቸው ከመኪናው ላይ «አንደኛ ወጥቼ እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸልኝ። ጠሀን ለድጋሚ ሚዛን ፈልገው አጡት፤ ተናዶ ሻሸመኔ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ነበር። ዛሬ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ ይሸጣል፣ አራት ልጆች አሉት።

ከማሰልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከሰሜን ግንባር ሌላ አንድ። ከዚያ ምንም። እናቴ ሚዛኑን ሸጠችና በጣሳ መሸጥ ጀመረች። «ለምን?» ስላት «ከበደኝ» አለችኝ፤ እኔ ማንሳቱ የከበዳት መስሎኝ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ የተበተኑ ወታደሮች እግራቸው ቆስሎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው እየተንጠባጠቡ ሲገቡ እናቴ ሁለት ወር ሙሉ መናኸሪያው በር ላይ ቆመች። እያንዳንዱን ፊቱን ታየው ነበር። ሞተ የሚል ወረቀት ስላልመጣ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠችም። እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እያዘንኩም ቢሆን «ወንድሜን ለውድድሩ ያበቃሁት እኔ ነኝ» እያልኩ ለጓደኞቼ እተርክ ነበር። እናቴ እየሰማችኝ! አንድ ቀን እንኳ «ተይ» ሳትለኝ!

እናቴ በ2003 ሞተች። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ጨዋታ ጀመር ተደረገ፤ እኛ ሰፈር ሐዘንተኛ ለማጽናናት እንዲህ ነው። እትዬ አባይነሽ አርጅተዋል፣ አንደበታቸው ግን አላረጀም።

«ይህችን የምታዩዋት ጽጌሬዳ፣ ይህችን ታክል ሳለች፣» አሉ እጃቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው፣ «ሊቀመንበሩ ፊት ቆማ ሌባ አሰልጣኝ ያስያዘች ናት! ሙሉጌጥ ነፍሷን ይማረውና ያን ዕለት እንዴት እልል እንዳለች! እኛም አዳራሹን በጭብጨባ አናወጥነው።»

ድንኳኑ ሳቀ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ጋሽ ማቴዎስ ነበር። አሥራ አራት ወር ታስሮ ሲፈታ እግሩ እንደዚያ ሆኖ እንደወጣ ሰምቼ ነበር፤ ይበለው ያልኩበትም ጊዜ ነበር። ምን ዓይነት ፊት ይዞ ይመጣል ብዬ ተከትዬው አጥሩ ጋ ደረስኩ።

እዚያ ቆሞ ሁሉንም ነገረኝ። ዝርዝሩን፣ የሐሙሱን ትምህርት፣ ጠሀን።

«ታዲያ ለምን እልል አለች?» አልኩት።

«ሚዛኑም የኛ ነው ስትዪ በኃይሉ እናትሽን ለማየት ዞረ። ዝም ብትል ከኔ ጋር እንደሆነች ገብቶት ነበር። ያኔ እሷም ትሄዳለች፣ ግዛቸውም ይሄዳል፣ አንቺ ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ። እልል አለች፣ አንቺን አተረፈች።» ኮፍያውን እጁ ውስጥ አዞረው። «እሷ በሕይወት እያለች እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር። እኔ አልምልም፤ ለሷ ግን ማልኩ።»

«አንድ ቃል!» ብዬ ጮኽኩበት። «'ጽጌ፣ ዛሬ ያየሽውን እንዳትናገሪ' የምትል አንዲት ቃል ምን ትጎዳችሁ ነበር? ማየት አስተምራችሁኝ ዝም ማለት ሳታስተምሩኝ!»

«እውነትሽን ነው» አለ። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። እትዬ አባይነሽ አሁንም እየተረኩ ነው፤ የጓድ በኃይሉን መነጽር አወላለቅ እያሳዩ።

«ይበቃል!» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። የምለውን አላሰብኩትም ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ለምን እንደረገጠ፣ እናቴ ምን እንዳስተማረችው፣ ወንድሜን ማን ኦራል ላይ እንደጫነው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ደረቷን መታች። አንዱ «ተረጋጊ፣ ሐዘን ነው» አለ።

«ልጅ ነበርሽ፣ ጽጌዬ» አሉ እትዬ አባይነሽ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «ሕፃን በማያውቀው አይጠየቅም።»

«ልጅነቴን አያንሱብኝ!» አልኳቸው። «ሐኪሙ ከነሱ ነው ብለው ሱቃችን መጥተው ያንሾካሾኩት እርስዎ ነዎት። ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁት ሁላችሁ ኦራሎቹ ለምን እንደቆሙ ታውቁ ነበር። መቶ ሰው ነበራችሁ። አዳራሹ ውስጥ ያላወቅኩት እኔና እነዚያ ሠላሳ አራት ልጆች ብቻ ነበርን። እናቴ ልጅ ልታተርፍ እልል አለች። እናንተ ለማን ነው ያጨበጨባችሁት?»

እትዬ አባይነሽ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔ እዚያው ድንኳኑ መሐል ቆምኩ። «ተቀመጪ» አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም።